ስላላየኋቸው ሁለት እባቦች

ለክቡር ጊታይጋ፣
የጋታሪ ከተማ ማስዋብ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ የነሐሴ ብርድና ጭጋግ ያልደፈረው ጤና፣ ያልዛለ ጉልበትና የማያቋርጥ የስብሰባ ፍላጎት እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም፣ መጠየቅዎ አይቀርምና፣ ከሀፍረት በስተቀር ደህና ነኝ። ለሀፍረት ደግሞ ክሊኒካችን መድኃኒት የለውም አሉ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በኮሚቴው ጸሐፊ በኩል መላክ ሲገባኝ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ እስከ ባለፈው ሰኞ ድረስ እኔው ነበርኩ። የራሴን ደብዳቤ ራሴ ተቀብዬ፣ ራሴ ፋይል ውስጥ እንዳልቀብረው ስለፈራሁ ማኅተሙንና የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ለዘበኛው አስረክቤ ወጣሁ።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ የራስዎ ደብዳቤ ነው። ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ በዚያ ሰነድ ውስጥ «በክቡር ምዋሊሙ ኤልያስ ዋሆሜ የዓይን ምስክርነት መሠረት» የሚል ሐረግ ሦስት ጊዜ አገኘሁ። በዚሁ ምስክርነት መሠረትም አጋም ሁሉ የእባብ መደበቂያ ነው ተብሎ በመጪው ረቡዕ በቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ዙሪያ ያለው የአጋም አጥር ከነሥሩ እንደሚነቀል ተረዳሁ። «ምዋሊሙ» እየተባልኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ስሜ እንዲህ ተደጋግሞ በክብር የተጠራበት ወረቀት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ። ቁጥር የሙያዬ ልማድ ነው።

አንደኛ፦ መንገዳችንን ስላስዋቡልን እናመሰግናለን። ከደጄ ፊት ለፊት፣ የማማ ሙቶኒን ግቢ ከመንገዱ የሚለየው አጋም ስድሳ እርምጃ ርዝመት ነበረው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት መንገዱ ሲሰፋ የእንጨት አጥራቸው ፈረሰና ማማ ሙቶኒ ካሳ ከመለመን ይልቅ ፍሬ ለቅመው ዘሩት። እኛ ሙካዋ የምንለው ይህ ቁጥቋጦ እሾኹ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚበቅል፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ከዝናብ በኋላ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ሽታው እስከ ወፍጮ ቤቱ የሚደርስ ነው። ንቡ፣ ቢራቢሮው፣ ጅራተ ረጅሙ ወፍ፣ አፏን አበባ ውስጥ ሰክታ የምትመጥ አውራ ጣት የምታህል ወፍ፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ይህ ሁሉ ጫጫታ ለከተማ ክብር አይመጥንም መባሉ ተገቢ ነው። በምትኩ ከሩቅ አገር ዘሩ የመጣ ቅጠለ ቢጫ ቁጥቋጦ በጭነት መኪና አስመጥተው፣ ሰማንያ ችግኝ በገመድ አስለክተው በቀጥታ መስመር አስተከሉ። ወፍ አልቀረበውም፣ ንብም አልነካው። የወደዱት ፍየሎች ብቻ ናቸው። ገና ሳይደርስ በልተው ጨረሱት። የፍየሎቹን ምስጋና በእነሱ ስም የማቀርበው እኔ ነኝ። ከችግኙ በኋላ ክፍት በቀረው አጥር ገብተው የማማ ሙቶኒን ጎመን እስከ ግንዱ ስለበሉ ምስጋናቸው ድርብ ነው።

ሁለተኛ፦ ኮሚቴው ጡረተኛ ስላከበረ እናመሰግናለን። ይህን ስል እቀልዳለሁ እንዳይሉ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከቤቴ ወጥቼ ገበያ ደርሼ ስመለስ «ምዋሊሙ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው እያነሰ ሄደ። ልጆቹ አድገዋል፣ ወላጆቹ ሌላ አስተማሪ ያውቃሉ። እርስዎ ጸሐፊ ሁንልን ብለው ሲጠሩኝ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ሰጡኝ። ስሜም ያለበት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ያን ካርቶን ምን ያህል እንደወደድኩት ብነግርዎ ያፍሩልኛል።

በጥቅምቱ ስብሰባ የማማ ሙቶኒ አጥር አጀንዳ ሆኖ ሲነሳ ከአባላቱ አንዷ፣ የልብስ ስፌት ቤት ያላት ጋቶኒ፣ «የሴትዮዋ አጥር ማንን በደለ? ልጆቻችን ፍሬውን እየለቀሙ አይደል ያደጉት?» ብላ እንደነበር ያስታውሳሉ። ክፍሉ ወደሷ ማዘንበል ጀመረ። ያን ጊዜ እርስዎ ወደ እኔ ዞረው፣ «እባብ ይደብቃል እየተባለ ነው። ምዋሊሙ፣ እርስዎ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት፤ አላዩም?» አሉ።

ዘጠኙም ሰው እኔን አየ። እንደዚያ አተኩሮ ያየኝ ሰው ካገኘሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«ስንት?»

«ሁለት።»

ለምን ሁለት እንዳልኩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። አንድ ማለት የፈሪ ወሬ ይመስላል፣ ሦስት ማለት ደግሞ ማጋነን ነው። ሁለት ግን የታመነ ሰው ቁጥር ነው። ጋቶኒ አንገቷን ደፋች፣ እርስዎም «ይኸው፣ ከምዋሊሙ ወዲያ ምስክር የለም» አሉ። ነገሩ እዚያው ተወሰነ። ጸሐፊ ነኝና ውሸቴን ራሴ፣ ሰው ሁሉ በሚያመሰግነው የእጅ ጽሕፈቴ፣ በቃለ ጉባኤው ገጽ አርባ አንድ ላይ አሰፈርኩት። «ሁለት» በሚለው ቃል ላይ «ጥቋቁር» የሚል ጨመርኩበት። ማንም ያላለኝን።

እርስዎ ዋሽ አላሉኝም፤ ጠየቁኝ እንጂ። በዚህ በኩል እጅዎ ንጹሕ ነው። መልሱን ከመስማትዎ በፊት እስክሪብቶዎን ማንሳትዎንም በበጎ እተረጉመዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሥራው ፍጥነት እናመሰግናለን። ማሽኑ የመጣው በኅዳር፣ በሐሙስ ቀን ሲሆን አጋሙ በሙሉ አበባ ላይ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ጋቺ ይባላል፤ ተማሪዬ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለ «የቤት ሥራዬን ፍየል በላችብኝ» ብሎ ስለዋሸ ክፍሉ ፊት አቁሜ ቀጥቼዋለሁ። ደጄ ላይ ቆሜ ሲያየኝ ኮፍያውን አውልቆ መጣ።

«ምዋሊሙ፣ እባቦቹ በየት በኩል ናቸው? ዱላ ይዘን ነው የመጣነው።»

ጣቴን ወደ ዳር ዘረጋሁ። «በዚያ፣ ከመጨረሻው ጥግ» አልኩት።

ጥርስ ያለው ብረት አጋሙን ከነሥሩ እየነቀለ ሲገለብጥ ሰባት ሰዎች ዱላ ይዘው በጥንቃቄ ከኋላ ከኋላ ይሄዱ ነበር። የተገኘውን አውሬ ለመዝገብዎ ላቅርብ። ሦስት እስስት፣ ከነሱም አንዱ ግንባሩ ላይ ሦስት ቀንድ ያለው፤ አንድ የወፍ ጎጆ፣ ውስጡ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት እንቁላል፤ የት መግባት እንዳለባቸው የጠፋቸው ብዙ ንቦች። ሠራተኞቹ እስስት ሲያዩ ዱላቸውን ጥለው ሸሹ። በእኛ አገር እስስት የሚነካ ወንድ የለም። ማማ ሙቶኒ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በጨርቅ እንኳ ሳይሸፍኑ፣ አንድ በአንድ በቅርንጫፍ እያነሱ ግቢያቸው ካለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ አስቀመጧቸው። ጎጆውንም በሽርጣቸው አቅፈው ወስደው እዚያው ዛፍ ላይ አሰሩት። ወፊቱ ከተገለበጠው ግንድ ላይ ተነስታ ወደ አቮካዶው አልሄደችም። ሥሩ በነበረበት ጉድጓድ ላይ እየዞረች ዋለች።

እሳቸው አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ለሠራተኞቹ ሻይ በወተት አፍልተው፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ጨምረው አቀረቡ። ከዚያ አንድ ኩባያ ይዘው መንገዱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ።

«ጠጣ ምዋሊሙ፤ አቧራው ጉሮሮህን ይዞታል።»

ጠጣሁ። ሻዩ ጥሩ ነበር። ኩባያውን ለመመለስ ግን መንገዱን መሻገር አቃተኝ።

ማታ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሲጭኑ ጋቺ ተመልሶ መጣ። «ምዋሊሙ፣ አንድም እባብ የለም።»

«ድምፅ ሰምተው ሸሽተው ይሆናል» አልኩት።

ያን የፍየል ታሪኩን ሲነግረኝ እኔ እሱን ባየሁበት ዓይን አየኝ። የመቅጣት ሥልጣን ስለሌለው ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለምና ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከቤቴ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። በፊት ለፊት ስወጣ ባዶው መሬት ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማማ ሙቶኒ ጎመናቸውን ከፍየል ሲከላከሉ ይታዩኛል። ሁልጊዜ እጃቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኩባያቸው መደርደሪያዬ ላይ ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ስለዚህ አንድ ሰው የሌላ ሰው ኩባያ ላይ ዓይኑን ሳያሳርፍ ቁርሱን እንዴት እንደሚበላ ተማርኩ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኩባያውን አጥቤ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጥቼ ተሻገርኩ። ማማ ሙቶኒ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ።

«ኩባያዎን ይዤ መጣሁ» አልኳቸው።

«ሁለት ወር ሙሉ አንድ ኩባያ ስታጥብ ቆየህ?»

ቤት ስለማመደው የነበረው ንግግር መግቢያ ነበረው፣ ሐተታም ነበረው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እባብ አላየሁም፣ ማማ ሙቶኒ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን ጀምሮ ነዋ። አንተ እስስት አይተህ ከበርህ እስከ መኝታ ቤትህ ሮጠህ የገባህ ሰው ነህ። እባብ ብታይ ኖሮ እንኳን ኮሚቴው ናይሮቢም ይሰማ ነበር።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም፤ ባቄላቸውን ለቀሙ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? ዋሸህ ልበልህ? አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። የማያውቀው ያ ወረቀት የተጻፈለት ሰው ነው። ወረቀቱን ደግሞ ጽፈህ የሰጠኸው አንተ ነህ።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ምዋሊሙ፣ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አጋም ከፍሬ ተነስቶ ከብት የሚመልስ አጥር እስኪሆን ስምንት ዓመት ይፈልጋል። ይቅርታህ ስምንት ዓመት ይቆያል?»

መልሴን አልጠበቁም። ቅርጫታቸውን አንስተው «ና» አሉኝና ወደ መቃብሩ ስፍራ ወሰዱኝ። በከተማችን የቀረው አጋም የዚያ አጥር ብቻ ነው። ፍሬው ጠቁሮ በስሎ ነበር። እሳቸው ሲለቅሙ እሾኹ አይነካቸውም፣ እኔን ግን እስከ ክርኔ ቧጠጠኝ። ቤታቸው ተመልሰን ፍሬውን በውኃ ውስጥ እያፈረጡ፣ ሥጋውንና ወተቱን እያጠቡ፣ ዘሩን በጥላ አስጥተው አሳዩኝ። «አታቆየው፤ አጋም የዘገየ ሰው አይወድም» አሉኝ።

ባዶ የወተት ከረጢቶች ሰብስቤ፣ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሞልቼ፣ መቶ ሠላሳ ዘር ዘራሁ። በሃያ ስድስተኛው ቀን የመጀመሪያው ብቅ አለ፤ በጠቅላላው ዘጠና አራት በቀሉ። ዛሬ በሰባተኛ ወራቸው ገና አንድ ስንዝር ናቸው። እሾኻቸው ለስላሳ ነው፣ እንደ ድመት ግልገል ጥፍር። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ዕፅዋት አስተምሬ፣ የአንድ ቅጠል መውጣት ለማየት ከአልጋዬ የተነሳሁት በዚህ ዓመት ነው። በሰኔ አንድ ትንሽ እስስት ከረጢቶቹ መካከል አገኘሁ። አልሸሸሁም ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ሸሸሁ፣ ግን ተመለስኩ።

ማማ ሙቶኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። «ይህኛውን ውኃ አብዝተህበታል» ይላሉ፣ ወይም «ይሄ ጥላ ይፈልጋል» ብለው ያዛውሩታል። ይቅር ብዬሃለሁ ብለውኝ አያውቁም። እኔም አልጠይቅም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚህ መካከል ነው። የመጀመሪያ ሐሳቤን ልደብቅዎ አልፈልግም። ዝም ማለት ነበር። ጸሐፊነቴን ይዤ፣ ችግኜን ጓሮዬ ውስጥ እያጠጣሁ፣ በረቡዕ ዕለት አሞኛል ብዬ ቤቴ መዋል። አንድ ቀን ተኩል እንደዚያ ወስኜ ቆየሁ። ከዚያ ጋቺ በሬን አንኳኳ። ትእዛዙ ደርሶት ነበር። ልማዱ ቢሆንም ኮፍያውን አላወለቀም።

«ምዋሊሙ፣ የመቃብሩንም ንቀል ተብያለሁ፤ እርስዎ አይተዋል ይላል ወረቀቱ። በዚህኛው መጀመሪያ እባቡን ያሳዩኝ፣ ከዚያ ማሽኑን አስነሳለሁ።»

«እባብ የለም» አልኩት። «በዚያኛውም አልነበረም።»

«እኔን ክፍል ፊት ነበር ያቆሙኝ» አለና ሄደ።

ልክ ነው። ይህ ሰሌዳ የተመረጠውም ለዚህ ነው። እኔ ኤልያስ ዋሆሜ፣ የጋታሪ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ በጥቅምቱ ስብሰባ አየኋቸው ያልኳቸውን ሁለት እባቦች አላየሁም። ጥቋቁርም ሆኑ ሌላ፣ አንድም አላየሁም። የተናገርኩት ዘጠኝ ሰው ስላየኝ ነው። ማማ ሙቶኒን፣ ጋቶኒን፣ ጋቺንና የከተማውን ሕዝብ አታልያለሁ። በምስክርነቴ ላይ የቆመ ማንኛውም ውሳኔ፣ የመቃብሩን አጥር ጨምሮ፣ በባዶ ላይ የቆመ መሆኑን አሳውቃለሁ። ቃለ ጉባኤውን ልሰርዝ ሥልጣን ስለሌለኝ አልሰረዝኩትም። ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት ግን በገጽ አርባ አንድ ኅዳግ ላይ፣ የተማሪ ደብተር እንደማርም፣ በቀይ «ሐሰት» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ኮሚቴው በራሱ ጥበብ፣ ያለ እኔ ምስክርነትም ቢሆን፣ አጥሩን መንቀል ውብ ነው ብሎ ከወሰነ ረቡዕ ጠዋት በመቃብሩ በር ላይ ያገኘኛል። ቀድሜ ስለምደርስ ወንበር ማዘጋጀት አያስፈልግም። ማማ ሙቶኒ የራሳቸውን ጆንያ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። ጋቶኒም ሱቋን ዘግታ ትመጣለች። ሻይ ይኖራል፣ ለእርስዎም አንድ ኩባያ ይቀመጣል። ከዚያ ኩባያ መጠጣት ከባድ እንደሆነ ግን ከልምድ እነግርዎታለሁ።

ለሰጡኝ ወንበር፣ ለዚያች ስሜ ለተጻፈባት ካርቶን፣ ጥያቄውን በእንዲህ ያለ አክብሮት አቅርበው ዋጋዬን ለራሴ ስላሳዩኝ የማይነጥፍ ምስጋናዬን እየደገምኩ፣ ከተማችንን ከወፍ፣ ከንብና ከጥላ ለማጽዳት በሚያደርጉት ጥረት ላይ ማስተዋል እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ ወገቤን ጎንበስ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ። ጎንበስ ያልኩት ግን ውኃ ለማጠጣት ነው።

የቀድሞ ጸሐፊዎ፣ የቀድሞ ምስክርዎ፣
ኤልያስ ዋሆሜ
ጋታሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ወላጅ እናትዎ በምርኩዝ ተደግፈው ደጄ ድረስ መጡ። ለግቢያቸው አጥር ብለው አሥራ ሁለት ችግኝ ራሳቸው መርጠው ለዩ። ልጅ ሳሉ ሳል ሲይዝዎ የአጋም ሥር ቀቅለው እንዳሳደጉዎትም አጫወቱኝ። ከዚያ የመንገዱን አጥር ማን እንዳስነቀለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አሥራ ሁለቱን ጉድጓድ የሚቆፍርላቸው ሰው አግኝተዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቁዎታል፤ ዶማዎን ይዘው እንዲመጡ አደራ ብለዋል።